የራሔል የጥናት ልማድ፣ በእኔ ስም

ትልቅ ሰው ትምህርት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ደብተር መግዛት ነው። ትምህርቱ በስልክ ይሁን በኮምፒዩተር፣ ጥያቄው በስክሪን ይምጣ መልሱም በስክሪን ይሂድ፣ ግድ የለውም፤ ደብተር ይገዛል። ከዚያ እስክሪብቶ ይገዛል፣ ሰማያዊና ቀይ። ከዚያ ለደብተሩ ሽፋን ይፈልጋል። እኔ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ናይሮቢ ላይ የኦንላይን ኮሌጅ ተማሪ ስሆን ከዚህም አልፌ የጠረጴዛ መብራት ገዛሁ። መብራቱ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ስላልነበረኝ እሱንም አሠራሁ። ጠረጴዛው መጥቶ ሳሎናችን አልበቃ ሲለው ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት አዛወርነው። ባለቤቴ አስቴር ይህን ሁሉ እጇን አጣጥፋ ስታይ ቆየችና «ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀመረው?» አለችኝ። ከተጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው አልኳት።

ለማጥናት መሰናዳት ከማጥናት ይልቅ እንደሚጥም የማያውቅ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ ወይ ተምሮ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ እውነተኛ ተማሪ ነው። እኔ የጊዜ ሰሌዳ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጥናት፣ ማክሰኞ ክለሳ፣ ረቡዕ ንባብ፣ ሐሙስ «የቀረ ካለ»። ሰሌዳውን ለማቅለም ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳውን ያይና «አይ ጋሽ ታደሰ፣ አንተ እኮ ቆራጥ ነህ» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ምስጋናውን እቀበላለሁ። ሐሙስ ሲደርስ ታዲያ የቀረው ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ይሆናል። አርብ ደግሞ ሰሌዳው ላይ አልነበረችም።

ነገሩ የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቲካ ሮድ ገባ ብሎ ካሳራኒ ውስጥ፣ ከታች የፀጉር ቤት ካለበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምናመልክበት አዳራሽ አለን። አንድ እሑድ ስብከቱ አልቆ ማስታወቂያ ሲነበብ፣ አንድ ኮሌጅ ለስደተኞችና እዚህ ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች በነፃ የኦንላይን ትምህርት እንደከፈተ ተነገረ። የሚፈልግ እጁን ያውጣ ተባለ። ማንም አላወጣም። እኔ የጉባኤው ሽማግሌ ነኝ፤ ሽማግሌ ስላችሁ በአገልግሎት ማለቴ ነው እንጂ ፀጉሬ ገና ነው። ወጣቶቹ ዞር ዞር እያሉ ሲያዩኝ እጄ ራሷን ችላ ወጣች። ከእኔ በኋላ አሥራ አንድ እጆች ወጡ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ይዤ አላውቅም፤ ፓርክላንድስ የምሠራበት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የሰው ልጅ ስንት ዓይነት አምፖል እንደሚፈልግ ከማወቅ በቀር የጨመርኩት እውቀት የለም። «ኮሌጅ ገባሁ» ማለት አምሮኝ ነበር።

ከእነዚያ አሥራ አንድ እጆች አንዷ የራሔል ናት። ራሔል ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በስደተኛ ወረቀት ናይሮቢ ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ላቪንግተን አንድ ቤት ውስጥ መንታ ሕፃናት ትጠብቃለች። ጠዋት ከካሳራኒ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወደ ከተማ፣ ከከተማ በሌላ ማታቱ ወደ ላቪንግተን፣ ማታ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ። እሑድ እሑድ የጉባኤያችንን ልጆች የምታስተምረውም እሷ ናት፤ እሷ በቀረችበት እሑድ ስብከት የሚባል ነገር አይሰማም፣ ልጆቹ አዳራሹን ይገለብጡታል። ከምትሠራበት ቤት ማዶ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አለ። ዳይሬክተሯ ራሔል መንታዎቹን ስታጫውት በአጥር በኩል ስታያት ከርማ አንድ ቀን ጠራቻትና፣ የኮሌጅ የመጀመሪያ እርከን ሰርተፊኬት ይዘሽ ከመጣሽ በጃንዋሪ ረዳት መምህር አድርጌ እቀጥርሻለሁ አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሔል አፍ ላይ ጃንዋሪ የማትነሳበት ቀን አልነበረም። ጫማ ልትገዛ ስታስብ ጃንዋሪ፣ ቤት ልትቀይር ስታስብ ጃንዋሪ። እኔ ትምህርቱን የጀመርኩት ሰው ስላየኝ ነው፤ እሷ የጀመረችው ለጃንዋሪ ነው።

የመጀመሪያው ኮርስ ራሱ ስለ ጥናት ነበር፤ በኦንላይን የሚማር ሰው እንዴት ቢያጠና ይሳካለታል የሚል። መምህራችን ዋንጂኩ የምትባል ኬንያዊት ናት። በቪዲዮ ብቻ ነው የማውቃት፤ ከጀርባዋ ሁልጊዜ አንድ የተንጠለጠለ ጃንጥላ ይታያል፣ ዘንቦም ሳይዘንብም። ምክሯን ረጋ ብላ ነው የምትነግረን። ስትማሩ ስልካችሁን ከአጠገባችሁ አርቁ። ቪዲዮ እያያችሁ ሌላ ሥራ አትሥሩ። አንድ ቀን አጥንታችሁ ሳምንት ከምትጠፉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አጥኑ። ያልገባችሁን ጻፉልኝ፤ ፊታችሁን ስለማላይ ካልጻፋችሁልኝ ግራ እንደገባችሁ የማውቅበት መንገድ የለኝም። አሳይመንት ደግሞ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ አስገቡ። እኔ በሁሉም ተስማማሁ፤ አንዱም ላይ ተቃውሞ አልነበረኝም። በምክር መስማማት ምክሩን የፈጸምኩ ያህል እንደሚያሳርፈኝ ያኔ ነው የገባኝ። ቪዲዮውን ዘጋሁና ሶፋው ወደተዛወረበት ክፍል ሄጄ ጋደም አልኩ።

የኮርሱ መዝጊያ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ሁለት ገጽ ነበር። ጥያቄው እኔን አጥንቶ የወጣ ነው የሚመስለው፤ የራስህን የጥናት ልማድ ጻፍ፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደምታጠና፣ ምን እንደተሳካልህና ምን እንዳልተሳካልህ ግለጽ ይላል። ይህን ያላለፈ ወደሚቀጥለው ኮርስ አይሻገርም፤ ሰርተፊኬቱም በዚያው ይቀራል። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ስለ መብራቱ አንድ አንቀጽ ጽፌ ነበር፣ ጥሩ አንቀጽ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የምለው ጠፋኝ። ሰው ያላደረገውን ነገር በአማርኛ መጻፍ እንኳ ይከብደዋል፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ግሱ ሁሉ ተጣላኝ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ብታውቁትም ላስታውሳችሁ። እኛ ዘንድ ትምህርትና ምግብ ብዙም አይለያዩም። ተደብቆ ብቻውን የሚበላ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ፤ ደብተሩን የማያውስ ተማሪም ያንኑ ተብሎ ነው የሚጠራው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩት ሙሉጌታ ከሚባል ልጅ አጠገብ ስለተቀመጥኩ ነው። ሙሉጌታ አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አንድም ቀን አስቸገርኩት ብዬ አላውቅም። ማሳየት የጎበዝ ግዴታ፣ ማየት የሰነፍ መብት ነበር። ስደት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ናይሮቢ ውስጥ ቤት የተከራየነው፣ ሥራ የገባነው፣ ወረቀታችንን ያሳደስነው አንዳችን የአንዳችንን ፎርም እያየን ነው። ወረፋ ላይ ቀድሞ የሞላ ሰው ከኋላው ላለው ያሳያል፤ ያላሳየ እንደሆነ ዓመት ሙሉ ይወራበታል። ታዲያ እኔ ሽማግሌው ራሔልን «እስቲ ያንቺን ልየው» ስላት፣ እኔ እንደ ጥፋት አልቆጠርኩትም፣ እሷም እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም።

የምናጠናው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔቱ ከየቤታችን ይሻላል። ራሔል አሠሪዋ የሰጠቻትን አሮጌ ላፕቶፕ ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የማስገቢያው ቀን የሚቀጥለው እሑድ ነበር።

«አለቀልሽ?» አልኳት።

«ጨርሼዋለሁ ጋሼ። ግን ገና ደግሜ ደግሜ ላየው ነው። ዴድላይኑ እኮ ሩቅ ነው።»

«እስቲ ለማየት ያህል ላኪልኝ። አጀማመሩ ነው የጠፋኝ።»

ላፕቶፑን ትኩር ብላ አየች። ያን ጊዜ ኢንተርኔቱ የዘገየባት መስሎኝ ነበር። «እሺ ጋሼ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ግን ለማየት ብቻ፣ ሳዋ?»

«ሳዋ» አልኳት። እዚህ አገር ሰው በዚህች ቃል የማይስማማበት ነገር የለም።

ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። ራሔል የጥናት ጠረጴዛ የላትም። የምታጠናው መንታዎቹ ከምሳ በኋላ በሚተኙባት አርባ ደቂቃ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ የካውያ ጠረጴዛው ላይ፣ ቆማ ነው። ስልኳን ኩሽና ትታው ነው የምትገባው። ቪዲዮውን ከመክፈቷ በፊት ስለ ርዕሱ የምታውቀውን በወረቀት ትጽፋለች፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ምንም ሳትጽፍ ታየዋለች፤ እስክሪብቶ የምታነሳው በሁለተኛው ነው። መንታዎቹን ስታጥብ የቀኑን ትምህርት ለእነሱ ታስረዳቸዋለች፤ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች ማስረዳት ያቃታትን ነገር ለራሷም እንዳልገባት ትቆጥረዋለች። ወደ ቤት ስትመለስ ማታቱ ውስጥ ዓይኗን ትጨፍንና መኪናው በቆመ ቁጥር ካጠናችው አንድ ነጥብ ታስታውሳለች፤ ካሳራኒ ስትደርስ ያልመጣላትን በማግስቱ ትደግመዋለች። በየሳምንቱ ለመምህሯ አንድ ጥያቄ ትልካለች፤ ጥያቄ ከሌላት ፈልጋ ታገኛለች። ስላልተሳካላትም ጽፋለች። አንድ ቀን ቆማ እያጠናች እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ክንዷ ካውያው ላይ እንዳረፈ፣ ከዚያ ወዲህ ካውያውን ነቅላ እንደምታጠና።

አንብቤ ስጨርስ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛው አድናቆት ነው፤ ከልቤ አደነቅኋት። ሁለተኛው ደግሞ እኔ ብሞት እንዲህ አድርጌ አልጽፍም የሚል ነው። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ የእሷን ጽሑፍ በእኔ ስም አዘጋጀሁት። «መንታዎቹ ሲተኙ» የሚለውን «ገበያ ቀዝቀዝ ሲል» አልኩት። የካውያውን ጠረጴዛ የሱቅ ባንኮኒ አደረግሁት። መንታዎቹን ስታጥብ የሚለውን ምን ላድርገው ብዬ ተጨነቅሁና «ማታ ማታ ለባለቤቴ አስረዳታለሁ» ብዬ አለፍኩት። ክንዷን የበላትን ካውያ ብቻ ምንም ላደርገው ስላልቻልኩ አወጣሁት። ሰኞ ዕለት አስገባሁ፣ ማስገቢያው ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው። ከመምህርት ዋንጂኩ ምክሮች ሁሉ በሕይወቴ የፈጸምኩት ያንን አንዱን ነው፤ ቀድማችሁ አስገቡ ያለችውን። ሰኞ ማታ የተሰማኝን ኩራት አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሐሙስ መልስ መጣ። መምህርቷ ጽሑፌ ከወደደቻቸው ጽሑፎች አንዱ እንደሆነ፣ በተለይ ለባለቤትህ ማስረዳትህ ግሩም ልማድ ነው ብላ ጻፈችልኝ። ለአስቴር በአማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አስቴር ሰሃን እያጠበች ነበር፤ ውኃውን ዘጋችው።

«የትኛዋ ባለቤትህ ናት?» አለችኝ።

ነገሩን በሳቅ አለፍኩት። አስቴር አልሳቀችም።

ራሔል ጽሑፏን ያስገባችው የመጨረሻው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ነጠላ ሰረዝ ስታነሳና ስትጥል ሰነበተች። ኮሌጁ የተማሪዎችን ጽሑፍ እርስ በርስ የሚያስተያይ ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ ማን ቆሞ እንዳጠና፣ ማን ክንዱን እንደተቃጠለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ማን ቀድሞ እንዳስገባ ብቻ ነው። በእሱ ሚዛን ጸሐፊው እኔ ሆንኩ፣ ገልባጯ እሷ። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አላውቅም ነበር። ግን ባውቅስ ኖሮ የሚለውን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ መልሱን እስከ ዛሬ እርግጠኛ ሆኜ አልሰጠሁም።

ቅዳሜ አዳራሹ ስገባ ራሔል ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ያሳተመችው ወረቀት ይዛለች፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ ተሰምሮበታል፣ የራሷ ጽሑፍ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎን መቼ ነበር ሰብሚት ያደረጉት?»

«ሰኞ።»

«የትኛው ሰኞ?»

ነገርኳት። ወረቀቱን አየችው፣ መልሳ እኔን አየችኝ። «የእኔን ነው እንዴ ያስገቡት?» አለች፣ ድምጿ ሳይነሳ።

«ትንሽ… ለወጥ ለወጥ አድርጌዋለሁ» አልኩ። በሕይወቴ ብዙ የማይረባ ነገር ተናግሬ አውቃለሁ፣ እንደዚያች ግን የለም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ራሷን ነቀነቀችና ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው። በሰባት ቀን ውስጥ መልስ እንድትጽፍ ተነግሯታል፤ ካልሆነ ኮርሱን ወድቃ ከፕሮግራሙ ትወጣለች። «ምን ብዬ ልጻፍላቸው?» አለችኝ፣ እንደ ሽማግሌ እያማከረችኝ።

«አንቺ ተይው፣» አልኳት፣ «እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።»

«ይጽፋሉ?»

«እጽፋለሁ።»

ልጽፍ ነበር። ይህን እመኑኝ። ሰኞ ሱቅ ዕቃ ይራገፍ ነበርና አልተመቸኝም። ማክሰኞ በወረቀት ረቂቅ ጀመርኩ፣ ሰማያዊውን እስክሪብቶ ይዤ። «አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። «አብረን ስለምናጠና ሐሳባችን ተመሳስሎ ይሆናል» አልኩና ወደድኩት፣ ረቡዕ ደግሞ አፈርኩበት። ማስታወቂያው የመጣው በጉባኤያችን በኩል ስለሆነ ደብዳቤዬ ለፓስተሩ ይደርስ ይሆን የሚል ፍርሃት ያዘኝ። ባለፈው ወር ስለ ታማኝነት ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ ሁለት እሑድ የፈጀ ትምህርት ነበር። ሐሙስ፣ «የቀረ ካለ» የምትባለው ቀን፣ ከሁለት ረቂቆች የትኛው እንደሚሻል ሳመዛዝን ዋልኩ። ሌባ የሚለውን ቃል ሳልጠቀም እውነቱን የምናገርበት እንግሊዝኛ ፈለግሁ። እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ የለም፤ ቢኖርም እኔ ጋ አልደረሰም።

ራሔል እኔን አምና ጠበቀች። በአምስተኛው ቀን ጨንቋት ለኮሌጁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ላከች፤ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስለ ሌላ ሰው ግን መናገር አልፈልግም የሚል። ስሜን አልጠራችም። በእኛ አስተዳደግ ይህ ጨዋነት ነው፤ ኮሌጁ ግን መልስ እንዳልሰጠች ቆጠረው። እኔ እውነቱን በአራት መስመር ጽፌ የላክሁት በስምንተኛው ቀን ነው። አራት መስመር ለመጻፍ ስምንት ቀን ፈጀብኝ፤ ያውም ከላክሁት በኋላ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ተንፍሼ ምሳዬን በላሁ።

የመምህርት ዋንጂኩ መልስ በማግስቱ ደረሰኝ። እውነቱን ስለተናገርክ አመሰግናለሁ አለች። ደብዳቤህ ከውሳኔው በፊት ደርሶን ቢሆን ራሔል በማስጠንቀቂያ ታልፍ ነበር፤ አሁን ግን ውሳኔው ትናንት ጸድቋል፣ ሥራዋን ለሌላ ተማሪ መስጠቷም በራሱ ጥፋት ነው። በሚቀጥለው ዙር ከመጀመሪያው መጀመር ትችላለች። አንተም እንደዚያው። በስተመጨረሻ ከእንግሊዝኛው ወጥታ «ፖሌ ሳና» ብላ ጨረሰች፤ እዚህ አገር ለወደቀም፣ ለታመመም፣ ሐዘን ለተቀመጠም የሚባል ቃል ነው። ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩት። «ትናንት» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ቀኑን በጣቴ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ብቻ። እኔ አንዷን ቀን ረቂቅ ሳመዛዝን ነው የዋልኩባት።

እኔ ተመልሼ አልተመዘገብኩም። ጠረጴዛውን ለጎረቤት ሰጠነው፣ ሶፋው ወደ ሳሎን ተመለሰ። ጃንዋሪ መጣች። መዋዕለ ሕፃናቱ ሌላ ልጅ ቀጠረ፤ ራሔል መንታዎቹን አዝላና አቅፋ በአጥሩ በኩል አዲሷ ረዳት መምህር ልጆች ስታሰልፍ እንዳየቻት የነገረችን ራሷ ናት፣ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ አስቴርን ይዤ፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ። «ይቅር ብያለሁ ጋሼ» አለችኝ። በእኛ ጉባኤ ይቅር አልልም ማለት ስለማይቻል፣ ከዚያ ይቅርታ ውስጥ ምን ያህሉ የራሔል፣ ምን ያህሉ የጉባኤው እንደሆነ አላውቅም። ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።

ራሔል በሚቀጥለው ዙር እንደገና ከሀ ጀመረች። አሁንም ቆማ ታጠናለች፣ አሁንም ማታቱ ውስጥ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ አዲስ ልማድ ግን ጨምራለች፤ የጻፈችውን ለማንም አታሳይም። ከጉባኤያችን ሌሎች ወጣቶች በዚህኛው ዙር ገብተው «እስቲ ላኪልን» ሲሏት፣ ያልገባችሁን ጠይቁኝ፣ እስኪገባችሁ አስረዳችኋለሁ፣ ጽሑፌን ግን አልሰጥም ትላለች። አንድ ቅዳሜ ረስቼው የነበረውን ጃንጥላዬን ልወስድ አዳራሽ ገብቼ ሰላም ልበላት ብዬ ጠጋ ስል፣ የላፕቶፑን ስክሪን በቀስታ ወደ ታች መለስ አደረገችው። ፈገግ ብላ፣ ከወንበሯ ተነስታ፣ በአክብሮት ነው ያደረገችው። ጤናዋን ጠየቅኋት፣ ጤናዬን ጠየቀችኝ። እንደ ኮሌጁ ደንብ ከሆነ ራሔል ዛሬ ፍጹም ተማሪ ናት። እኔ ደግሞ ያቺን «እሺ ጋሼ» ያለችኝን ልጅ ፈልጌ አጣኋት፣ ያጠፋኋትም እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ ላይ ስድስት ሰባት ሰዎች ሆነን ተቀምጠን ነበር። እትዬ ወርቅነሽ፣ ልጃቸው በዚህኛው ዙር የተመዘገበ ሴትዮ ናቸው፣ ጽዋቸውን አስቀመጡና «ያቺ ራሔል ምን ነካት?» አሉ። «ልጄ አሳይመንት ቢጠይቃት እምቢ አለችው አሉ። እንዲህ አልነበረችም እኮ። ይሄ ትምህርት የሚሉት ነገር ሰውን ገብጋባ ያደርጋል መሰለኝ።» የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ እኔም ሰምቻለሁ አለ። ሌላዋ ሥራ ልትይዝ ነው መሰል ኮራች አለች። ከዚያ እትዬ ወርቅነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሽ ታደሰ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ጠርተህ ምከራት እንጂ።»

ለኮሌጁ የጻፍኳቸው አራት መስመሮች አማርኛ ሆነው አፌ ላይ ነበሩ። ለማታየኝ መምህር፣ በስምንት ቀንም ቢሆን፣ ጽፌያቸው ነበር። አሁን ለእናንተም ይኸው አንድም ሳላስቀር ነገርኳችሁ፤ እናንተም አታዩኝም። እዚያ ሻይ ላይ ግን ሁሉም ፊቴን እያዩ ነበር።

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልኩ።

ቀና ስል ራሔል የሻዩን ፔርሙስ ይዛ ከእትዬ ወርቅነሽ ጀርባ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር፣ እኔም የተናገረችውን አልክድም ነበር።

«እውነታቸውን ነው እትዬ፣» አለች፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው። ልጅዎ ቅዳሜ ይምጣ፣ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ የእኔን ጽዋ ሞላችልኝ። አመሰገንኳትና ጠጣሁት።